ኔትወርክ ሲጠፋ በምን እናውራ?
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በቅርቡ የደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ ሬዲዮ ናቸው። ዜና ስለምንሰማበት ሬዲዮ ግን አይደለም፤ ተጭነን ስለምናወራበት ነው። አዘጋጁ ጥያቄዎቹን ሰብስቦ ለእኔ የሰጠኝ ያለ ምክንያት አይደለም። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ለገሃር አካባቢ በአንድ የእርዳታ ድርጅት ሬዲዮ ክፍል ውስጥ ኦፕሬተር ነበርኩ። በደሴ መንገድና በአዋሽ መንገድ የሚመላለሱ ሾፌሮች መልኬን ሳያዩ ድምፄን ያውቁታል። ስለዚህ ስለ ሬዲዮ ብዙ ባወራ አትፍረዱብኝ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ካዛንቺስ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ነው የምንኖረው። በታኅሣሥ 2017 ያ የሌሊቱ መንቀጥቀጥ ሲመጣ ልጆቼን ይዤ በደረጃ ወረድኩ። ባለቤቴ የማታ ተረኛ ሆኖ ሜክሲኮ ነበር። ብደውል ብደውል አልገባ አለኝ። እህቴ ዱባይ ናት። ሁለት ዎኪቶኪ ይዛልኝ ብትመጣስ? (የሁለት ልጆች እናት፣ ካዛንቺስ)

መልስ፦ እህትሽን አታስቸግሪያት። በሻንጣ የመጣ መገናኛ ሬዲዮ መጀመሪያ የሚያገኘው ጉምሩክን ነው። እዚህ አገር በሬዲዮ ለማውራት ፈቃድ ያስፈልጋል። ፍሪኩዌንሲን፣ ማለትም ሬዲዮዎች የሚነጋገሩበትን የሞገድ ቁጥር፣ የሚያስተዳድረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። መጀመሪያ እዚያ ጠይቂ፣ ከዚያ ግዢ። ብዙ ሰው ግን ተገላቢጦሽ ያደርገዋል።

ሳጥኑ ላይ «ፈቃድ አያስፈልገውም» የሚል ጽሑፍ ካየሽ፣ ያ የተጻፈው ዕቃው ለተሠራለት አገር ነው። አውሮፓ ውስጥ ማንም ገዝቶ የሚያወራበት ትንሽ ሬዲዮ 446 ሜጋኸርዝ አካባቢ ይሠራል፣ ጉልበቱም ግማሽ ዋት ብቻ ነው። የአሜሪካው አቻው 462 እና 467 ላይ ነው። አንዱን ዘመድሽ ከሮም፣ ሌላውን ከዋሽንግተን ቢልኩልሽ ሬዲዮዎቹ እርስ በርስ እንኳ አይሰማሙም። እዚህ ደግሞ ያ ፍሪኩዌንሲ ለማን እንደተሰጠ ሳታውቂ ስትጫኚ፣ የሌላ ሰው ሥራ ላይ ልትገቢ ትችያለሽ። የአምቡላንስ ሥራ ሊሆንም ይችላል።

አሁን ወደ ስልኩ እንምጣ። ያ ሌሊት ታኅሣሥ 26 ነበር። በአዋሽ በኩል፣ ፈንታሌና ዶፈን ተራሮች አካባቢ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ መጠኑ ወደ 5.8 ተጠግቶ ነበር፤ እኛ ጋ የደረሰው የሩቁ ንዝረት ነው። ስልክ አልገባ ያለሽ ታወር ወድቆ አይመስለኝም። አንድ ታወር በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው ጥሪ ልክ አለው። ከተማው ሁሉ ሌሊት 10 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ከእንቅልፉ ባንኖ አንድ ላይ ሲደውል ይሞላል። መብራት ከጠፋ ደግሞ ታወሩ የሚቆየው በባትሪ ወይም በጄኔሬተር ነው። እሱም ያልቃል።

የጽሑፍ መልእክት ግን የሚፈልገው ቦታ ትንሽ ነው። ወዲያው ባይሄድ እንኳ ተራውን ጠብቆ፣ ክፍተት ሲያገኝ ያልፋል። ስለዚህ አትደውዪ፣ ጻፊ። «ወርደናል። ሦስታችንም ደህና ነን። ግቢው በር ላይ ነን።» በቃ።

ዛሬ ማታ ደግሞ ከባለቤትሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ከአዲስ አበባ ውጭ ያለ አንድ ዘመድ ምረጡ፣ ሐዋሳም ይሁን ጎንደር። ሁለታችሁም ለእሱ ትጽፋላችሁ፣ እሱ ያገናኛችኋል። የት እንደምትገናኙም ወስኑ። መስቀል አደባባይ ለሁለታችሁም አይርቅም፣ ፎቅም አይወድቅባችሁም። «መስቀል አደባባይ» ብቻ ብላችሁ ግን አትለያዩ። ሰው ሁሉ ወደዚያ ከወጣ በሺህ ሰው መካከል ስትፈላለጉ ይነጋል። በየትኛው ጥግ፣ ከየትኛው ደረጃ ሥር እንደሆነ ተስማሙ። ልጆቹም ይወቁት።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ ጋ ያየሁት ሬዲዮ ሳጥኑ ላይ 16 ኪሎ ሜትር ይደርሳል ይላል። ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ እውነት ያሰማል? (ተጠራጣሪው፣ አራት ኪሎ)

መልስ፦ ያን ቁጥር የጻፈው ሰው ተራራ ጫፍ ላይ ሆኖ በረሃ እያየ ነው።

በእጅ የሚያዝ ሬዲዮ ጉልበቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 ዋት አይበልጥም። ግን ወሳኙ ዋቱ አይደለም፣ ከፍታው ነው። እነዚህ ሬዲዮዎች የሚሰማሙት በግምት ሲተያዩ ነው። ሜዳ ላይ ቆሞ ሬዲዮ በእጁ የያዘ ሰው አድማሱ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 30 ሜትር ከፍታ ካለው ጣሪያ ላይ ሲሆን 22 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ዋቱን እጥፍ ብታደርገው ይህን አታገኝም።

ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ በቀጥታ መስመር 3 ኪሎ ሜትር ከትንሽ ነው። መሬቱ ከሰሜን ወደ ደቡብ ስለሚወርድ አንተ ከፍ ብለህ ነው ያለኸው፤ ይህ ጥሩ ነው። መጥፎው ሰንጋ ተራ አካባቢ የተደረደሩት የባንክ ሕንፃዎች ናቸው። ኮንክሪትና ብረት ሬዲዮ አይወዱም። አስፋልት ላይ ቆማችሁ ላይሰማ ይችላል፣ ሁለት ሜትር ወደ ጎን ብትሉ ደግሞ ጥርት ብሎ ሊሰማ ይችላል። ምድር ቤት መኪና ማቆሚያ ውስጥ ከሆናችሁ እርሱት።

ጣሪያ ላይ ወጥቼ እሞክረዋለሁ እንዳትለኝ። መሬት ከተንቀጠቀጠ በኋላ ጣሪያ ላይ አይወጣም። የሚሞከረው በአደጋ ጊዜ ከምትቆምበት ቦታ ነው፣ ማለትም ሜዳው ላይ፣ ግቢው በር ላይ።

የከተማ ሬዲዮዎች ዳር እስከ ዳር የሚደርሱት ሪፒተር ስላላቸው ነው። ሪፒተር ከፍ ያለ ቦታ ተቀምጦ በአንድ ፍሪኩዌንሲ የሰማውን በሌላ ፍሪኩዌንሲ ወዲያው አጉልቶ የሚናገር መሣሪያ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ከተማዋን ቁልቁል የሚያየው እንጦጦ ለዚህ የተፈጠረ ነው። ግን ሪፒተርም መብራት ይበላል። በሪፒተር የሚሠራ ቡድን ሁሉ፣ እሱ ሲሞት ሬዲዮ ለሬዲዮ በቀጥታ የሚያወራበት ሌላ ቻናል ሊኖረው ይገባል። ሰው ሁሉ ቁጥሩን በቃሉ መያዝ አለበት። እኔ ብዙ ቦታ የታዘብኩት ቻናሉ አለ፣ የሚያውቀው ግን ቴክኒሻኑ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ የዚያን ቀን እረፍት ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ስታዲየም አካባቢ የአንድ ትልቅ ሕንፃ የጥበቃ ኃላፊ ነኝ። ፈቃድ ያላቸው ሬዲዮዎች አሉን። ችግሩ አንድ ነገር ሲፈጠር ሁሉም አንድ ላይ ያወራል፣ ማንም ማንንም አይሰማም። በቅርቡ ጭስ የታየ ጊዜ ስድስተኛ ፎቅ ተብሎ ልጆቹ ሦስተኛ ፎቅ ሄደው ተገኙ። ደግነቱ የተቃጠለ ሽቦ ብቻ ነበር። ምን ላድርግ? (የጥበቃ ኃላፊ፣ ስታዲየም)

መልስ፦ መጀመሪያ ነገር፣ ጋሼ አይደለሁም፤ እትዬ በለኝ። ሁለተኛ፣ ከሁሉም ጥያቄዎች የወደድኩት ያንተን ነው። ስለ ዕቃው ሳይሆን ስለ ሰዎቹ ስለጠየቅክ።

ሬዲዮ ስልክ አይደለም። ቻናሉ ላይ በአንድ ጊዜ የሚያወራው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሁለት ሰው አንድ ላይ ከተጫነ የሚሰማው ጩኸት ነው። ስለዚህ አዛዥ ያስፈልጋል። እኛ ቤዝ ነበር የምንለው። ነገር ሲፈጠር ቤዝ «ሁላችሁም ዝም በሉ» ይላል። ከዚያ በኋላ ቤዝ የጠራው ብቻ ይመልሳል። በጣም አጣዳፊ ነገር የገጠመው «አስቸኳይ» ብሎ ይገባል፣ ቤዝ እስኪፈቅድለት ይጠብቃል። ሾፌሮቼ በዚህ ነገር ስንት ጊዜ ተጨቃጭቀውኛል! «እትዬ እኛን ወታደር አደረጉን» ይሉኝ ነበር። አንድ መኪና ገደል አፋፍ ላይ ተንሸራቶ የቆመ ቀን ግን ሁሉም ዝም ብለው ለሱ ቦታ ለቀቁ።

ቁልፉን እንደተጫናችሁ ወዲያው አትናገሩ። አንድ ሰከንድ ጠብቁ። አለበለዚያ የመጀመሪያው ፊደል ተቆርጦ ይቀራል። በአማርኛ ደግሞ ይህ ቀልድ አይደለም። «አትውጡ» ያልከው፣ «አት» የሚለው ተቆርጦ «ውጡ» ሆኖ ሲደርስ አስበው። ለዚህ ነው ክልከላን በሌላ ቃል መናገር የምንመርጠው። «አትውጡ» ሳይሆን «ባላችሁበት ቆዩ»። «አትክፈት» ሳይሆን «በሩ ተዘግቶ ይቆይ»።

ስድስትና ሦስት የተምታታባቸው ልጆችህ ደንቁረው አይደለም። ሦስት፣ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት፤ አራቱም በአንድ ዓይነት ድምፅ ይጀምራሉ፣ በዚያ በፉጨቱ። የመገናኛ ሬዲዮ የሚያሳልፈው ከ300 እስከ 3,000 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ድምፅ ነው። ፉጨቱ የሚበዛው ከዚያ በላይ ስለሆነ ተቆርጦ ይቀራል። ሦስትና ስድስት ደግሞ መጨረሻቸውም አንድ ነው። እኛ ቁጥር ሲያጠራጥር ከአንድ ጀምረን እንቆጥር ነበር። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት። ስድስት።» ይረዝማል፣ ግን ሰሚው የት ላይ እንዳቆምክ ያውቃል። ለሕንፃ ከዚህ የሚሻል መላ አለ። ፎቆቹን በስም ጥሩ። የጥርስ ሐኪሙ ፎቅ፣ የጉዞ ወኪሉ ፎቅ፣ የካፌው ፎቅ። ተከራይ ሲቀየር ስሙን መቀየር እንዳትረሱ ብቻ።

የተነገረው ሰው «እሺ» ብሎ አይለፍ። የሰማውን መልሶ ይበል። «የጥርስ ሐኪሙ ፎቅ፣ ጭስ፣ እየሄድኩ ነው።» ሲሳሳት እዚያው ይታረማል።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። የእናንተ ሬዲዮ ከሕንፃው ጥበቃ አልፎ እሳት አደጋን አያገኝም። ብዙ ጥበቃ ይህን ልብ አይልም፤ በሬዲዮ ተናግሯልና የተጠራ ይመስለዋል። ቤዝ ያለው ሰው አጠገቡ ስልክ ይኑረው። ቢቻል ሁለት፣ የኢትዮ ቴሌኮምና የሳፋሪኮም ሲም። በድሮው የመዳብ ሽቦ የሚሠራ የጠረጴዛ ስልክ ካላችሁ አትጣሉት። እሱ ኃይል የሚያገኘው ከስልክ ማዕከሉ ስለሆነ ሕንፃው መብራት ቢያጣም ይሠራል። ግድግዳው ላይ በትልቁ ይጻፍ፦ እሳት አደጋ 939፣ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991። ከሥሩ የሕንፃችሁ አቅጣጫም ይጻፍ፤ ከምን ፊት ለፊት፣ ከየት በኩል መኪና እንደሚገባ። በድንጋጤ ጊዜ ሰው የሚሠራበትን ሕንፃ ስም ይረሳል፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ጥያቄ፦ የምሕንድስና ተማሪ ነኝ። አማተር ሬዲዮ የሚባለው ከዎኪቶኪ በምን ይለያል? እዚህ አገር አለ? (ከስድስት ኪሎ)

መልስ፦ አለ፣ ያውም አጠገብህ። አምስት ኪሎ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ውስጥ የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ አለ። መጠሪያው ኢቲ3ኤኤ ነው። «ኢቲ» የአገራችን መለያ ነው፤ በዓለም ላይ ያለ አማተር ያን ሁለት ፊደል ሲሰማ ከኢትዮጵያ እንደሆነ ያውቃል። ከእኛ የሚሰማ ጣቢያ ጥቂት ስለሆነ እንደ ብርቅ ይቆጥሩናል። አንዴ «ኢቲ» ብለህ ከጠራህ ከጃፓን እስከ ብራዚል ይሻሙብሃል።

አማተር ማለት ጀማሪ ማለት አይደለም። ገንዘብ የማያገኝበት ማለት ነው። ለንግድ አይውልም፣ በምስጢር ኮድ አይወራም። የራስህን አንቴና ትሠራለህ፣ ትሞክራለህ፣ ትማራለህ። ድሮ ሞርስ፣ ማለትም ፊደልን በአጭርና በረጅም ድምፅ መላክ፣ የማያውቅ ሰው ሩቅ ወደሚያደርሱት ባንዶች (የፍሪኩዌንሲ ክፍሎች) አይገባም ነበር። ሞርስን ግዴታ የሚያደርገው ዓለም አቀፍ ደንብ በ1995 ስለቀረ አሁን ውሳኔው የየአገሩ ነው። የእኛን ሁኔታ ማኅበሩንና ባለሥልጣኑን ጠይቅ። የራስህ ፈቃድ ሳይኖርህ እንኳ ጣቢያው ሄደህ ማየትና መስማት ትችላለህ። ከዚያ ጀምር።

ለአደጋ ጊዜ የሚጠቅመው ዋናው ነገር የአጭር ሞገድ ባንዱ ነው። የእጅ ሬዲዮ የሚያየውን ብቻ ያገኛል ብዬ ነበር። አጭር ሞገድ ግን ወደ ሰማይ ወጥቶ ከላይኛው የአየር ክፍል ተንጸባርቆ ይመለሳል። አንቴናህን ዝቅ አድርገህ ብትዘረጋው ሞገዱ ቀጥ ብሎ ይወጣና ዙሪያህን በጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ውስጥ ይወርዳል። ጣርማ በርን አያውቀውም፣ ገደል አያግደውም። ከአዲስ አበባ ደሴ፣ ከአዲስ አበባ ሰመራ መነጋገር የምትችለው እንዲህ ነው፤ በመካከል ታወርም ሪፒተርም የለም። እኔ በሥራ ላይ ያወራሁት በዚህ ነበር። ረጅም ጅራፍ የመሰለ አንቴና የተሸከሙ ነጭ ላንድክሩዘሮችን ሳታይ አትቀርም፤ እሱ ነው። የእኛ ፍሪኩዌንሲ የድርጅት ነበር፣ የአማተር አይደለም። ሳይንሱ ግን አንድ ነው።

ወጪውም እንደምትፈራው አይደለም፣ ቢያንስ የአንቴናው። ለ7.1 ሜጋኸርዝ የሚሆን አንቴና ሁለት ሽቦ ነው፣ እያንዳንዱ 10 ሜትር ገደማ። ግቢ ውስጥ ከዛፍ ዛፍ ይዘረጋል። ቀን ቀን በዚህ ባንድ፣ ማታ ዝቅ ብለህ 3.7 አካባቢ። የዓለም አማተሮች በአደጋ ጊዜ የሚሰበሰቡባቸው ቦታዎች አሉ። በእኛ የዓለም ክፍል 3,760 እና 7,110 ኪሎኸርዝ፣ ለዓለም በሙሉ ደግሞ 14,300። አደጋ ባለበት ሰሞን ስታዳምጥ በዚያ አካባቢ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ከሰማህ አትጫን። አዳምጥ ብቻ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ለሐበሻ። አማተር ከማን ጋር መቼ እንዳወራ የሚመዘግብበት ማኅደር የሚጻፈው በዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ያወራኸው 06:00 ተብሎ ይመዘገባል። ቀኑም የፈረንጆቹ ነው። «ነገ 4 ሰዓት እንገናኝ» ብለህ የኬንያውን ሰው በጨለማ አታስጠብቀው።

ጥያቄ፦ በሳተላይት ዘመን ስለዚህ አሮጌ ነገር ማውራት ጊዜ ማባከን አይደለም? (ጡረተኛ፣ ፒያሳ)

መልስ፦ አባቴ፣ ሳተላይቱ ጥሩ ነው። እንዲቀርም አልልም። ግን የሳተላይት ስልክም እዚህ ያለ ፈቃድ አይያዝም፣ ባትሪም ይፈልጋል፣ ደግሞም ስንቱ ቤት አለ?

በታኅሣሥ 1997 የሕንድ ውቅያኖስ ሱናሚ ሲመታ ባራቲ ፕራሳድ የምትባል ሕንዳዊት አማተር ከባልደረቦቿ ጋር አንዳማን ደሴቶች፣ ፖርት ብሌር ላይ ነበረች። የሄደችው ለአደጋ አልነበረም። ብዙ ዓመት አማተር ካልተሰማበት ቦታ ከዓለም ጋር ለማውራት ፈቃድ አግኝታ ነው። ስልኩ ሲቆም እዚያ የነበረው ሥራ ላይ ያለ ሬዲዮ የእሷ ሆነ። ከደሴቶቹ ወደ ዋናው ምድር ወሬ ያሻገረችው እሷ ናት። ሬዲዮው ስለነበረ ብቻ አይደለም፤ ሱናሚው ከመምጣቱ በፊት ቀንና ሌሊት ስታወራበት ስለሰነበተች ነው።

እርስዎ ፒያሳ ከኖሩ በ1953 ካራቆሬ ላይ የሆነውን ሳይሰሙ አይቀሩም። የከተማችንን ካራቆሬ አይደለም የምለው፣ የደሴ መንገዱን ነው። ማጀቴ ከተማን ያፈረሰው መንቀጥቀጥ። ያ መሬት ዛሬም እዚያው ነው ያለው፤ መንገዱ ላይ ግን አሁን ብዙ ከተማና ብዙ ፎቅ አለ።

ጥያቄ፦ ስልክን ዎኪቶኪ የሚያደርግ አፕ አለ ይላሉ። እሱ አይበቃም? (ከብሔራዊ አካባቢ)

መልስ፦ አፑ የሚሄደው በኢንተርኔት ነው። ኢንተርኔት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። በብሉቱዝ የሚሠሩም አሉ፤ እነሱ ከአንድ ክፍል ወደ ሌላው ቢደርሱ ነው። ሞባይል ውስጥ ያለው መሣሪያ በአማተር ወይም በዎኪቶኪ ፍሪኩዌንሲ እንዲናገር አልተሠራም፣ አፕ ይህን አይቀይረውም።

ይልቅ በባትሪ ድንጋይ የምትሠራ ትንሽ ማዳመጫ ሬዲዮ ግዛ። ኤፍኤምም አጭር ሞገድም ያላት ትሁን። ፈቃድ አትፈልግም፣ ታወር ሲጠፋ እንኳ ጣቢያው እስካለ ድረስ ትሰማለች። ድንጋዮቹን ግን ውስጧ አትተዋቸው። ለብቻ በፌስታል ቋጥረህ አጠገቧ አስቀምጣቸው፤ አለበለዚያ ፈሳሹ ወጥቶ ውስጧን ይበላዋል።